ከጋብቻ በፊትና ከጋብቻ ውጭ ግንኙነት፦ ለቦሌ አራብሳው የወጣቶች ውይይት ምን ይዘን እንቅረብ?

የብሎክ_አስተባባሪ (ሰኞ፣ ማታ 2፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። የፊታችን ቅዳሜ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ኮሚናሉ ውስጥ፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ላሉ የሠፈሩ ልጆች ውይይት አለን። ርዕሱ ከጋብቻ በፊትና ከጋብቻ ውጭ ስለሚደረግ ግንኙነት ነው። ግማሹ ከቤተሰቡ ጋር የሚኖር ነው፤ ግማሹ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ክፍል የተከራየ፣ ብዙው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠራ። ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንት ሁሉም አለ።

ስም ሳይጻፍበት በወረቀት ጥያቄ ሰብስበን ነበር። አብዛኛው ሦስት ነገር ላይ ነው። አንደኛው ድንግልና፦ ለማን ነው የሚጠየቀው፣ ካለፈስ ምን ይደረጋል? ሁለተኛው «ሁለት ቤት ከመከራየት ተጠቃልሎ መግባት ምን ችግር አለው?» የሚል። ሦስተኛው ባለትዳር ሆኖ ውሽማ ስለመያዝ፣ በተለይ አንዱ ዓረብ አገር ሌላው እዚህ ሲሆን።

አቋሙ የተለያየ ነው። «ኃጢአት ነው፣ ሌላ ወሬ አያስፈልግም» የሚል አለ። «ለሠርግና ለቤት የሚበቃ ገንዘብ እስኪገኝ ዕድሜያችን አለቀ» የሚልም አለ። «ሁለት አዋቂዎች ከተስማሙ ጎረቤት ምን አገባው?» የሚለውም ቀላል አይደለም። ማንም ማንንም አሸንፎ እንዲወጣ አንፈልግም። ነገር ግን ሁሉም በተሳሳተ መረጃ ላይ ቆሞ ሲከራከር ማየት ያሳዝናል። በየሙያችሁ ቁርጥ ያለውን ጻፉልን። የግል ታሪክና የሰው ስም ግን ይቅር።

መምህር_ዘአያት (ሰኞ፣ ማታ 3፡25)

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ከጋብቻ በፊትም ሆነ ውጭ የሚደረግ ግንኙነት ዝሙት ነው። ይህን ለማለሳለስ አልሞክርም። ምክንያቱ ግን ብዙ ወጣት እንደሚመስለው ሥጋን መናቅ አይደለም። ጋብቻ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው፤ ሰውነት ለሰውነት የሚሰጠው ሕይወት ለሕይወት ከተሰጠ በኋላ ነው።

ስሕተት የሚበዛው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ሥርዓተ ተክሊል ለደናግል የሚፈጸም ነው። አንዱ ድንግል ሌላው ካልሆነ አክሊሉ ለድንግሉ ብቻ ነው። ሁለቱም ካልሆኑ ንስሐ ገብተው፣ ቀኖናቸውን ፈጽመው፣ ለመዓስባን (ድንግል ላልሆኑ) በተሠራው ጸሎት በቅዱስ ቁርባን ይጋባሉ። «ድንግልናዬን አጥቻለሁና የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ቀርቶብኛል» የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ ጉዳቱም ከባድ ነው። ወጣቱ በሩ የተዘጋ ስለሚመስለው «ከሆነ አይቀር» ብሎ ይቀጥላል። በሩ አልተዘጋም።

ሁለተኛው ስሕተት ለንስሐ አባት ደብቆ ተክሊል መድፋት ነው። ይህን የሚያደርገው በአብዛኛው ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው፤ ያለ ተክሊል ሲጋቡ ዘመድ «ምን ሆና ነው?» ይላልና። ስለዚህ ቅዳሜ የሚመጡት ወላጆችም ካሉ ይህን ይስሙ።

ሦስተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም፤ ለዚህ ነው ጥርና ሚያዝያ የሚጨናነቀው። ንስሐ አባትን ለማነጋገር የካርድ ማሳተሚያ ጊዜ አይጠበቅም። ቀኖና ጊዜ ይወስዳል፣ ብዙ ደብርም የምርመራ ውጤትና ከንስሐ አባት ማስረጃ ይጠይቃል። በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጥ ሰው ወይ ይዋሻል ወይ ሠርጉን ያራዝማል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቤተ ክርስቲያን ለወንድ የተለየ ሕግ የላትም። ወንዱን «ወንድ ነውና» ብሎ ማለፍ ከእልፍኝ የመጣ ልማድ እንጂ ከመቅደስ የመጣ ትምህርት አይደለም።

ሲስተር_ጎሮ (ሰኞ፣ ማታ 4፡40)

መምህር፣ ስለ ወንዱ የጻፉት ቅዳሜ በድምፅ እንዲነገር እፈልጋለሁ። እኔ የጤናውን ልጻፍ፤ ረዘም ይላል።

በመጀመሪያ ድንግልናን በምርመራ ማወቅ አይቻልም። የድንግልና ሽፋን የሚባለው በማህፀን በር አጠገብ ሳይሆን በብልት መግቢያ ላይ ያለ ስስና የሚለጠጥ ሥጋ ነው። ከተፈጥሮው ክፍት ነው፤ ባይሆን የወር አበባም ባልወጣ ነበር። ቅርጹና ውፍረቱ ከሴት ሴት ይለያያል። በመጀመሪያ ግንኙነት ጭራሽ የማይደሙ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ግንኙነት ከጀመረች በኋላም ለውጥ የማይታይባት አለች። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2018 እ.ኤ.አ. የድንግልና ምርመራ እንዲቆም የጠየቁት ሳይንሳዊ መሠረት ስለሌለውና ሴቷን ስለሚጎዳ ነው። ስለዚህ ነጭ አንሶላ ዘርግቶ ደም መጠበቅ ንጹሕ ልጅ ሊያዋርድ ይችላል። «የድንግልና ወረቀት» ጻፉልኝ ብሎ ወደ ጤና ተቋም የሚመጣ ቤተሰብም ባዶ እጁን ቢመለስ ይሻላል።

ወደ እርግዝና መከላከያ ስንሄድ፣ ስሕተቱ የሚበዛው ቀን በመቁጠር ነው። ብዙዎች እንቁላል የምትወጣው የወር አበባ በመጣ በ14ኛው ቀን ነው ብለው ይቆጥራሉ። ትክክሉ ከሚቀጥለው የወር አበባ ወደ 14 ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ዑደቷ የሚዛባ ሴት ደግሞ ይህን ቀድማ ማወቅ አትችልም። የወንድ ዘር በሴት አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። «ውጭ መጨረስ»ም እንዲሁ የሚታመን አይደለም።

ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጡት እነዚህ ናቸው። ዴፖ የሚባለው መርፌ በየ3 ወሩ ይወሰዳል። የወር አበባ ያዛባል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ያቆማል፤ ይህ «ደም ውስጥ ተጠራቅሞ» የሚባለው በሽታ አይደለም። ካቆመች በኋላ ለማርገዝ ብዙ ወራት ሊዘገይ ይችላል፤ መካን አያደርግም። ስለዚህ «በሚቀጥለው ዓመት አግብቼ ወዲያው መውለድ እፈልጋለሁ» ለምትል ዴፖ ጥሩ ምርጫ አይደለም። በክንድ ቆዳ ሥር ከሚቀመጡት (ኢምፕላንት ከሚባሉት) ኢምፕላኖን ለ3 ዓመት፣ ባለ ሁለት ዘንግ የሆነው ጃዴል ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ሲወጣ የመውለድ አቅም ቶሎ ይመለሳል። በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው መዳብ ያለው ሉፕ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል፤ ያልወለደችም ልትጠቀመው ትችላለች። እንክብሉ በየቀኑ፣ በተቻለ መጠን በአንድ ሰዓት ላይ ይዋጣል።

ሰው የሚረሳው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ነው። መርፌ ወይም ኢምፕላንት የወር አበባዋ በመጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጀመረች ወዲያው ይሠራል። በሌላ ቀን ከጀመረች ለ7 ቀን ኮንዶም መጨመር አለባት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲን፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ኤፋቪሬንዝ የሚባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት የእንክብልና የኢምፕላንትን አቅም ይቀንሳሉ። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለባለሙያው ትንገር።

ከእነዚህ አንዱም የአባለዘር በሽታ አይከላከልም፤ ያንን የሚያደርገው ኮንዶም ነው። ኮንዶም የሚቀደደው ባብዛኛው በአጠቃቀም ነው፦ በቫዝሊን ወይም በምግብ ዘይት ማለስለስ ላስቲኩን ያዳክማል፤ ቦርሳ ውስጥ ለወራት ተቀምጦ ሙቀት መትቶት፤ ጫፉ ላይ አየር ሳይጨመቅ ሲጠለቅ፤ ሁለት ሲደረብ፤ ወይም ሲወጡ ከሥሩ ሳይያዝ። ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ማሸጊያው ላይ ማየት አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

ፋርማሲ_ሰሚት (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡05)

ሲስተር ያልነካሽውን ልጨምር። ፖስት ፒል (ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን) በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፤ እስከ 5ኛው ቀን ድረስ የተወሰነ ጥቅም ቢኖረውም እየደከመ ይሄዳል። እንቁላል እንዳትወጣ የሚያዘገይ ስለሆነ ከወጣች በኋላ አይረዳም፤ የተጀመረ እርግዝናም አያስወርድም። በተወሰደ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት እንደገና መውሰድ አለባት። ቅዳሜና እሑድ ማታ ወንዶች እየመጡ ሁለት ሦስት ፍሬ ይገዛሉ፤ በወር አራት ጊዜ የምትወስደው ሴት ከመደበኛ መከላከያ በእጅጉ ያነሰ ጥበቃ እያገኘች የወር አበባዋን ታዛባለች። እባካችሁ ቅዳሜ ይህን ለወንዶቹም ንገሩ፤ ኪኒኑን የሚገዙት እነሱ ናቸውና።

ኡስታዝ_አለምባንክ (ማክሰኞ፣ ቀን 7፡30)

አሰላሙ ዐለይኩም። በእስልምና ዚና (ከጋብቻ ውጭ ግንኙነት) ከባድ ኃጢአት ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድም የተከለከለ ነው። በወንድና በሴት መካከል ልዩነት የለም። የሰውን ገመና ማጋለጥና ያለ ማስረጃ በዚና መወንጀልም ራሱ ከባድ ወንጀል ነው፤ አራት ምስክር ያላመጣ ከሳሽ ቅጣቱ በእርሱ ላይ ይሆናል። ሠፈር ውስጥ «እገሊት እንዲህ ናት» እያለ የሚያወራ ሙስሊም ይህን ያስታውስ። ተውባ (ንስሐ) ያደረገ ሰው ያለፈውን ለማንም መናዘዝ አይጠበቅበትም።

የሚያሳስበኝ ድብቅ ኒካህ (የጋብቻ ውል) ነው። ተማሪዎችና ሠራተኞች «ዚና እንዳይሆን» ብለው ጓደኛ አቁመው ራሳቸው ኒካህ አሰርን ይላሉ። ለኒካህ ሁለት ምስክር፣ የሁለቱ ፈቃድ፣ መህር (ባል ለሚስት የሚሰጠው ስጦታ)፣ በሻፊዒይ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ዘርፍ) ደግሞ የሴቷ ወሊ (የሚድራት አሳዳሪ) መኖር ግድ ነው። በሐነፊ መዝሀብ ለአዋቂ ሴት በወሊ ጉዳይ ሰፋ ያለ አስተያየት አለ፤ ሆኖም ለልጅቱ ጥቅም የሚያስብ ሰው ይህን ልዩነት መደበቂያ አያደርገውም። ድብቅ ኒካህ ሲፈርስ ልጅቱ ኒካሁንም መህሩንም ማስረዳት አትችልም፤ ዒዳዋን (ከፍቺ በኋላ የመጠበቂያ ጊዜዋን) ሳትጨርስ ሌላ ታገባለች፤ ልጅ ቢወለድ አባቱ ይክዳል። ስለዚህ መህሩ ምን ያህል እንደሆነ፣ ተከፍሎ ወይም በዕዳ እንደቀረ፣ የምስክሮቹ ስም በወረቀት ይስፈር፤ ከዚያም ወረዳ ሄደው ያስመዝግቡት።

ሐላሉን ማቅለል የእኛም ግዴታ ነው። ኒካህ አስሮ፣ ቤት እስኪገኝ ሙሽራዋ ከቤተሰቧ ጋር መቆየት የተለመደ ነው፤ ዘመዶች ያውቃሉ፣ ግንኙነቱም ሐላል ነው። ወሊማ (የሠርግ ግብዣ) ለሃያ ሰው በሩዝና በሥጋ ይሆናል። ድንኳንና የመኪና ሰልፍ የጠየቀ ቤተሰብ ልጁን ወደ ዚና እየገፋ እንደሆነ ልንነግረው ይገባል።

የፓርኩ_ሠራተኛ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50)

አባቶች በጻፋችሁት ሁሉ ባልስማማም ስለ ወንዱ እኩል መጠየቅ መጻፋችሁ ትልቅ ነገር ነው። ግን እውነታው ሌላ ነው። የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች መካከለኛ የመጀመሪያ ግንኙነት ዕድሜ 16.6፣ የመጀመሪያ ጋብቻ ዕድሜያቸው 17.1 ነበር። የወንዶቹ 21.2 እና 23.7። ልዩነቱን ተመልከቱት፦ የሴቷ ግማሽ ዓመት፣ የወንዱ ሁለት ዓመት ተኩል። ድሮ ሴት ልጅ «በክብር» የተዳረችው በአብዛኛው ገና ልጅ ሳለች ስለተዳረች ነው። ያ ክብር መመለስ ካለበት በዚያ ዋጋ መሆን የለበትም። አሁን ሴቷ እስከ ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመቷ ትሠራለች፣ ቤተሰብ ትረዳለች፤ በመካከል ያለው አሥር ዓመት ማንም ያላዘጋጃት አሥር ዓመት ነው። አዲሱ ነገር የልጆች መበላሸት ሳይሆን ይህ የጊዜ ርዝመት ነው።

ከተማ ዳር ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ሦስት ልጆች አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ አከራይ «ወንድ አይገባም» ይላል፣ የውጭ በር በጊዜ ይቆለፋል። ዓላማው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የማታ ፈረቃ ወጥታ በር የተቆለፈባት ልጅ የት ትደር? ብዙ ጊዜ ጓደኛዋ ጋር። መታወቂያዋ የክፍለ ሀገር የሆነች ልጅ ጤና ጣቢያ ስትሄድም ትፈራለች፤ ካርድ ክፍል ላይ ጎረቤቷ ትሠራለች። ሲስተር፣ ያላገባች መሆኗን ሳትናገር መከላከያ ማግኘት ትችላለች?

ሲስተር_ጎሮ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40)

ትችላለች። ያገባች ወይም ያላገባች መሆኗ መስፈርት አይደለም፤ የባል ፈቃድም አይጠየቅም። ሌላ ወረዳ ያለ ጤና ጣቢያ መሄድ ትችላለች። ብዙ ጤና ጣቢያ ለወጣቶች ለብቻ የተዘጋጀ ክፍል አለው፤ ካርድ ክፍል ላይ «የወጣቶች ክፍል» ካለች ምክንያት መዘርዘር አያስፈልጋትም። በጥያቄ ያዋረዳት ባለሙያ ካለ ለተቋሙ ኃላፊ ማመልከት መብቷ ነው።

ሌላም ልጻፍ። በጥንዶች ምርመራ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት የአንድ ቀን ወረቀት ማመን ነው። በጣት ደም የሚሠራው የኤች አይ ቪ ምርመራ አዲስ የተያዘን ሰው እስከ 3 ወር ድረስ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ዛሬ ይመረመራሉ፣ በመካከሉ ኮንዶም ይጠቀማሉ ወይም ይታቀባሉ፣ ከ3 ወር በኋላ ይደግማሉ። የሠርጉ ሳምንት የተመረመሩ ጥንዶች ያዩት ከ3 ወር በፊት የነበረውን ነው። ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢም አብሮ ይታይ፤ ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለው።

የተደፈረች ወይም ለኤች አይ ቪ የተጋለጠ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። የተደፈረች ሴት ሰውነቷን ሳትታጠብ፣ ልብሷን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልላ ትምጣ። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውም፣ ፖሊሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም በአንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለ።

ፅንስ ማቋረጥን በተመለከተ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ ለተፀነሰ፣ ለእናት ሕይወትና ጤና አደጋ ላለበት፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ እንዲሁም ለማሳደግ በአካል፣ በአእምሮ ወይም በዕድሜ ላልበሰለች ሴት ይፈቅዳል። ለመደፈሩ የሴቷ ቃል ይበቃል፤ የፖሊስ ወረቀት አይጠየቅም። ይህን የማታውቅ ልጅ ሠፈር ውስጥ ለሚሠራ ሕገወጥ ሰው ገንዘብ ትከፍላለች፤ መጨረሻው መድማት፣ መመረዝና የማህፀን መበሳት ነው።

መምህር_ዘአያት (ማክሰኞ፣ ማታ 4፡15)

በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ቤተ ክርስቲያን እንደማትስማማ እዚህ ይመዝገብ፤ ፅንስ ነፍስ ነው። ሕጉ ምን እንደሚል መናገርሽን ግን አልቃወምም። ልጅቷ በሕገወጥ ሰው እጅ እንድትሞት የሚፈልግ ካህን የለም።

ጠበቃ_ለገጣፎ (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡20)

የሕጉን በጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ልመልስ።

ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸውና ያላገቡ ሰዎች በፈቃዳቸው ግንኙነት ቢያደርጉ ወንጀል አይደለም። ዕድሜ ላይ ግን ጥንቃቄ ይደረግ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ካለች ልጅ ጋር የሚደረግ ግንኙነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። «ተስማምታለች»፣ «ላገባት ነው»፣ «ሽማግሌ ልኬያለሁ» መከላከያ አይሆንም። የጋብቻ ዕድሜም ለሁለቱም 18 ነው። በ19 ዓመት ልጅና በ17 ዓመት ልጅ መካከል ያለው የሁለት ዓመት ልዩነት ቀላል የሚመስላቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ በቅዳሜው ውይይት ላይ ይህ ሳይነገር እንዳይቀር።

ተጠቃልሎ መግባት። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር ዕውቅና ያለው ግንኙነት ነው። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራ ሀብት ይሆናል። ችግሩ ማስረጃው ነው። ጎረቤትና ዘመድ እንደ ባልና ሚስት ያውቋቸው እንደነበር ማስረዳት ያስፈልጋል። «የአጎቴ ልጅ ናት» ብለው ለአከራይ የነገሩ ጥንዶች በኋላ ያ አከራይ ምስክር ሆኖ ሲመጣ ምን እንደሚል አስቡት። የኪራይ ውል በሁለቱም ስም ይሁን፤ የዕቃ ደረሰኝ ይቀመጥ፤ የኮንዶሚኒየም ቁጠባ በማን ስም እየተቆጠበ እንደሆነ ይታወቅ። በሁለት ዓመት ተኩል የተለያዩ ሰዎች ይህ ጥበቃ የላቸውም፤ ያዋጣችው ገንዘብ በማስረጃ ካልተያዘ ይጠፋል።

አራብሳን አልፎ ወደ ለገጣፎ የሚከራይ ሰው ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው። ለገጣፎ፣ ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ኦሮሚያም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። በአዲስ አበባ የሚሠራውን ቃል በቃል እዚያ አትጥቀሱ፤ በሚኖሩበት ፍርድ ቤት የሚሠራ ጠበቃ ይጠየቅ።

ልጅ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደ ጋር እኩል መብት አለው፤ ቀለብም ውርስም። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ። አባትየው ፈቃደኛ ከሆነ ልጁን በግልጽ ይቀበል፤ ካልሆነ በፍርድ ቤት አባትነትን ማረጋገጥ ይቻላል። መልእክቶች፣ የላከው ገንዘብ ደረሰኝ፣ አብረው ይኖሩ እንደነበር የሚያውቁ ሰዎች ይያዙ። ስልክ ሲቀየር መልእክቱ አብሮ እንዳይጠፋ።

ባለትዳሮች። ዝሙት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 652 የሚያስቀጣው ተበዳዩ የትዳር ጓደኛ ካመለከተ ብቻ ነው፤ ጎረቤት ወይም አማት ከሳሽ መሆን አይችሉም። ያላስመዘገቡት የሃይማኖት ጋብቻም ጋብቻ ነው፤ በቁርባን ወይም በኒካህ ሚስት ያለው ሰው ከወረዳ «ያላገባ» ማስረጃ አውጥቶ በሰማንያ ሌላ ቢያገባ ነገሩ በጋብቻ ላይ ጋብቻን ወደሚከለክለው አንቀጽ 650 ይሄዳል። ዓረብ አገር ላሉት ደግሞ፦ በትዳር ዘመን ከሥራ የተገኘ ገቢ የጋራ ነው፤ ሚስት በላከችው ገንዘብ ባል በስሙ ብቻ ያሠራው ቤትም እንዲሁ። ውሽማ ጋር የገባ ባል ቤቱን «የእኔ ነው» ሊል አይችልም፤ ግን የሐዋላ ደረሰኝ የሌላት ሴት ክርክሩ ይረዝምባታል።

የብሎክ_አስተባባሪ (ረቡዕ፣ ቀን 6፡10)

ጠበቃ፣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ መጥቷል። ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ሰዎች አንዱ ቢሞት ሌላው ይወርሳል?

ጠበቃ_ለገጣፎ (ረቡዕ፣ ቀን 7፡00)

አይወርስም። የሚገርመው ግን በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያለ ኑዛዜ ሕጋዊ ሚስትም ወራሽ አይደለችም፤ የምታገኘው የጋራ ሀብቱን ግማሽ ነው፤ የቀረውን ልጆች ወይም ወላጆች ይወርሳሉ። ልዩነቱ ሚስት ግማሹን ለማግኘት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ታቀርባለች፤ ሳትጋባ የኖረችው ግን ከሟች ቤተሰብ ጋር በሐዘን ሰሞን ሦስቱን ዓመት ማስረዳት ይጠበቅባታል። ኑዛዜ ሁለቱንም ይረዳል።

ጋሼ_ዕድር (ረቡዕ፣ ማታ 1፡45)

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ያልጻፋችሁትን ልጻፍ። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ክፍያውን በዝምድና ነው የሚዘረዝረው፦ አባል፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ ወላጅ። ሳይጋቡ የገቡ ጥንዶች ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻ ይመዘገባል። የሌላው እናት ስትሞት ድንኳንም ገንዘብም አይወጣም፤ ደንቡ አያውቃትም። አንዳንድ አዲስ የኮንዶሚኒየም ዕድር «አብሮ የሚኖር» ብሎ መመዝገብ ጀምሯል፤ የእናንተ ዕድር እንዴት እንደሆነ ጠይቁ፣ ካልሆነም በጠቅላላ ጉባኤ አቅርቡ።

እኔ የጋብቻ ወገን ነኝ፤ ምክንያቴም ገመና ቆጠራ አይደለም። ሽማግሌ ልኮ የተጋባ ሰው ሲጣላ የሚገባ ሰው አለው። ያ የላካቸው ሽማግሌ፣ ሚዜዎቹ፣ የሁለቱ ወላጆች ኃላፊነት ወስደዋልና ይመጣሉ። ተጠቃልለው የገቡ ልጆች ሲጣሉ ግን ማንም «ምን አገባኝ» ይላል፤ ልጅቱ እየተመታችም ጎረቤት በሩን ይዘጋል። ይህ የእኛ የሽማግሎቹ ጥፋት ነው፤ ባልተጋቡ ሰዎች መካከልም ገብተን ልንዳኝ ይገባል። የጋብቻን ጥቅም የሚያዩት ያኔ ነው።

የፓርኩ_ሠራተኛ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡20)

ጋሼ፣ ይህን ቅዳሜ መጥተው ይንገሩን። ጋብቻን እንዲህ ያስረዳኝ ሰው የለም።

አማካሪ_ለቡ (ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡15)

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ትምህርቱ ከላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። ለመጋባት የወሰኑ ጥንዶች ለሽማግሌዎች ያሳውቃሉ፣ የቅድመ ጋብቻ ትምህርት ይወስዳሉ፣ ምርመራ ያደርጋሉ። በግልጽ የወደቀ ሰው ከአገልግሎትና ከጌታ እራት ለተወሰነ ጊዜ ይታገዳል፤ ዓላማው መመለስ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው አፈጻጸሙ እርግዝናን ብቻ ሲከተል ነው። ሆዷ ስለታየ ልጅቱ ትታገዳለች፤ ልጁ መዘምራን መካከል ቆሞ ይዘምራል። ሽማግሌዎች ይህን ሲያዩ ሁለቱንም ጠርተው በእኩል ካላነጋገሩ ወጣቶቹ የሚማሩት ኃጢአትን መተው ሳይሆን መደበቅን ነው።

በቅድመ ጋብቻ ትምህርት ውስጥ በሁለቱ መካከል ሳይነሣ የማያልፍ ጥያቄ አለ፦ ያለፈ ግንኙነት። ምክሬ ይህ ነው። የጤና ጉዳይ፣ ልጅ፣ ያልፈረሰ ጋብቻና ዕዳ ከእጮኝነት በፊት ይነገር፤ መደበቅ አይቻልም። የሰዎች ስምና ዝርዝር ግን አያስፈልግም፤ ዝርዝሩን አጥብቆ የሚጠይቅ እጮኛ በትዳር ውስጥም ሲጨቃጨቅ ይኖራል። «እስክንጋባ እንታገሣለን» ያሉ ጥንዶች ደግሞ ውሳኔው በምኞት ብቻ አይጸናም። የት እንደሚገናኙ፣ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚለያዩ፣ አንዱ ቢደክም ሌላው ምን እንደሚል ይነጋገሩ። ብቻውን ክፍል የተከራየ ልጅ እጮኛውን ካፌ ወይም ቤተሰብ ቤት ማግኘት ይሻለዋል። እጮኝነቱም አምስት ስድስት ዓመት አይጎተት፤ ሠርጉን ቀንሶ ቶሎ መጋባት የሚቻል ከሆነ ይጋቡ።

የብሎክ_አስተባባሪ (ሐሙስ፣ ማታ 1፡30)

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ከጻፋችሁት በመነሣት ቅዳሜን እንዲህ አሰብን። ከ8 ሰዓት ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ፤ ሴቶቹ ከሲስተር ጋር፣ ወንዶቹ ከፋርማሲው ጋር። ወንዶቹም ስለ ኪኒኑ፣ ስለ ምርመራውና ስለ አንቀጽ 626 እኩል ይሰማሉ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ፦ መምህር፣ ኡስታዝና አማካሪው እያንዳንዳቸው አሥር ደቂቃ፣ ጠበቃው ሃያ ደቂቃ፣ ጋሼ በመጨረሻ። ጥያቄ በወረቀት ብቻ፤ ማንም «ይህ ጥያቄ የማነው?» እንዳይል።

ኡስታዝ_አለምባንክ (ሐሙስ፣ ማታ 1፡50)

የዐስር ሶላት በመካከል ይገባልና አሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ያዙ። ወላጆችም ከኋላ ቢቀመጡ ጥሩ ነው፤ የሠርግን ወጪ የሚጠይቁት እነርሱ ናቸው።

የፓርኩ_ሠራተኛ (ሐሙስ፣ ማታ 2፡15)

የመጨረሻ ጥያቄ ከወረቀቶቹ መካከል ወጥቶ ሳይመለስ ቀርቷል፦ ፖስት ፒል የወሰደች ሴት በነጋታው ኢምፕላንት ማስገባት ትችላለች ወይስ የወር አበባዋን መጠበቅ አለባት?

ሲስተር_ጎሮ (ሐሙስ፣ ማታ 2፡40)

መጠበቅ አያስፈልጋትም፤ በዚያው ቀንም ይቻላል። ብዙዎች «የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ» ተብለው ሄደው በዚያው መካከል ያረግዛሉ። ካስገባች በኋላ ለ7 ቀን ኮንዶም ትጠቀም ወይም ትታቀብ። ኢምፕላንቱ የወር አበባዋን ሊያዘገይ ስለሚችል መቅረቱን አይታ መወሰን አትችልም፤ ከግንኙነቱ 3 ሳምንት በኋላ የሽንት ምርመራ ታድርግ። ቅዳሜ የኢምፕላንትና የሉፕ ማሳያ ይዤ እመጣለሁ፤ በእጃቸው እየነኩ ይዩት።